ለደንበኞቻችን፦ ስለ ጠፉት ሴቮች

ሰኔ 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን በንዴት ጽፌ ቀደድኩት። አሁን ቀዝቀዝ ስላልኩ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እንደምታውቁት በግንቦት መጨረሻ የጌም ቤታችንን 31 የድሮ ጌም ካሴቶች በሙሉ ከፍተን ባትሪያቸውን ቀይረናል። ባትሪው ሲወጣ ሴቭ የተደረገው ሁሉ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች የደረሰበት ቦታ፣ ይጠፋል። ከአንዱ ካሴት በቀር ጠፋም። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ብዙ ነው። «ዋጋ ጨመረ፣ ሴቫችንን አጠፋ፣ ደግሞ ፈገግ ይላል» ያለኝ አለ። ፈገግታው ተፈጥሮዬ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሴቭ እንደሚጠፋ የሚናገረው ማስታወቂያ ትንሽ ወረቀት ነበር። የለጠፍነው በሩ ላይ ነው፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ወረቀቱ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ባትሪውን በመቀየሬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ለምን እንደሆነ ስሙኝ።

አብዛኞቹ ካሴቶቻችን በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በፊት ካሴት ላይ ሴቭ ማድረግ ራሱ ብርቅ ነበር። በ1986 ጃፓን ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው ድራገን ኩዌስት የሚባል ጌም፣ ጨዋታውን ስታቆሙ ረጅም የይለፍ ቃል ይሰጣችሁ ነበር። ልጆች በእርሳስ ይገለብጡታል። አንዲት ፊደል ከተሳሳቱ አለቀ። በኋላ ነው ካሴቱ ውስጥ ትንሽ ሜሞሪና ሳንቲም የምታክል ባትሪ መክተት የተለመደው። እኛ ጋ ያሉት ብዙዎቹ የያዙት ሲአር2032 የሚባለውን ነው፤ 3 ቮልት። ማሽኑ ሲጠፋ ሜሞሪው የያዘውን እንዳይረሳ ትንሽ ትንሽ ኃይል ትሰጠዋለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ክሮኖ ትሪገር የሚባለው ጌም ላይ ያ ሜሞሪ 8 ኪሎባይት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ ከመቶ እጥፍ በላይ ትበልጠዋለች። የስንት ሰው ቅዳሜ ግን እዚያ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ክሮኖ ትሪገር የወጣው በ1995 ነው። ሠላሳ ዓመት። ባትሪዋ እስካሁን መቆየቷ ራሱ ተአምር ነው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማታ አንዱ ደንበኛችን ካሴቱን ሲከፍት ሦስቱም የሴቭ ቦታዎች ባዶ ሆነው ጠበቁት። ማንም አልነካውም። ልጁ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና «ጋሼ፣ የለም» አለኝ። በማግስቱ ቤቱን ዘግቼ ሌሎች ሁለት ካሴቶች ፈታሁ። የአንዱ ባትሪ ዳር ዳሩን አረንጓዴ አውጥቷል። ያ ነገር ወደ ቦርዱ ወርዶ መስመሩን ከበላ የሚጠፋው ሴቭ ብቻ አይደለም፣ ካሴቱ ራሱ ነው። የጠፋውን ሴቭ ተመልሰው ይጫወቱታል። ካሴት ግን ከየት ይመጣል? ያኔ ወሰንኩ።

«መረጃውን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ዕቃ አለ፣ ለምን አልተጠቀምክም?» ያላችሁኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አለ። ዕቃው የሚገዛው ግን በዶላር ነው። ዶላር ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ሌላም መንገድ ሞክሬያለሁ። አሮጌውን ባትሪ ሳወጣ ሜሞሪው እንዳይራብ ከውጭ በሽቦ ኃይል እየሰጠሁ መበየድ። በሁለት ካሴቶች ላይ ሞከርኩት። አንዱ ተሳካ። ሁለተኛው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠና ሽቦው ተላቀቀ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን 29 ካሴቶች መርካቶ ያለ አንድ ጎበዝ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳቸው። እሱም «ሴቩን ትፈልጋለህ ወይስ ካሴቱን?» አለኝ። ካሴቱን አልኩት።

የዋጋውን ነገርም ልናገር። የአንድ ሰዓት ጨዋታ ከ60 ብር ወደ 90 ብር ከፍ ብሏል። ኪራይ ጨምሯል፣ የመብራት ሂሳብ ጨምሯል፣ ቡናውም ስኳሩም ጨምሯል። ጀርባቸው ያበጠው አሮጌ ቲቪዎቻችን መብራት ይበላሉ። ሲበላሹ ደግሞ መለዋወጫቸውን የምናገኘው ከሌላ አሮጌ ቲቪ ሆድ ውስጥ ነው። «ጠፍጣፋ ቲቪ ግዛና ተገላገል» ትሉኛላችሁ። እነዚህ ጌሞች ለአሮጌው ቲቪ የተሳሉ ናቸው። በጠፍጣፋው ላይ ፊታቸው ጡብ በጡብ ይሆናል። ለእኔ ያስጠላኛል፣ አለቀ።

ባክአፑም አለ፤ መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዱንጆን በሚባለው የጌሙ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ሁለት ሰዓት ወርዳችሁ፣ መውጫው አንድ ኮሪደር ሲቀረው፣ ድርግም። የድሮው ኒንቴንዶ ማሽን ላይማ የባሰ ነው። ባለ ባትሪ ካሴቶቹ ማሽኑን ስታጠፉ «ሪሴት» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ ይላሉ፤ አለበለዚያ ሴቩ ሊበላሽ ይችላል። መብራት ሲሄድ ማን ሪሴት ይዞ ይጠብቃል? ስለዚህ እያንዳንዱ ቲቪና ማሽን ባክአፕ ተገዝቶለታል። ያንን ያደረግኩት ሴቫችሁን ለመጠበቅ ነው። ይህም ይቆጠርልኝ።

ጓደኞቼ ሁሉ ኳስ ጌም አስገባ ይሉኛል። ኳስ በጨዋታ ነው የሚከፈለው፤ ሁለት ልጅ ገብቶ ሁለት ልጅ ይወጣል። የእኔ ደንበኛ ግን በአንድ ማኪያቶ አራት ሰዓት ይቀመጣል፤ ግማሹን ሰዓት ደግሞ የሚያጠፋው የዱንጆኑን ካርታ ደብተር ላይ በመሳል ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የከፈትኩት።

ልጅ እያለሁ አጎቴ ከውጭ ሲመጣ አንድ አሮጌ ማሽንና አራት ካሴት አመጣልኝ። አንዱ ሻይኒንግ ኢን ዘ ዳርክነስ ነበር። በፈረንጆቹ 1991 ለሴጋ ማሽን የወጣ ነው፤ ከፊታችሁ ግድግዳ ብቻ እያያችሁ በጨለማ የምትሄዱበት። እንግሊዝኛ አልችልም። መዝገበ ቃላት ይዤ ቁጭ ብዬ ነው የተጫወትኩት። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ መምህራችን ለመርዝ ማርከሻ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጠየቁን። እጄን አውጥቼ «አንቲዶት!» አልኩ። የት እንዳነበብኩት ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ስንት ጊዜ በመርዝ እንደሞትኩ ለሳቸው ምን ብዬ ልንገራቸው?

ያቺ ካሴት ዛሬም እዚህ ናት። ከቀየርናቸው ባትሪዎች አንዱ የእሷ ነው። የእኔም ሴቭ አብሮ ሄዷል። ይህን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

አንዱ ደንበኛችን «አመድ አደረግከን» ብሎ ጽፎልኛል። ዊዛርድሪን ለተጫወተ ሰው ይህ ከባድ ስድብ ነው። ለማታውቁት፦ በፈረንጆቹ 1981 በአፕል 2 ኮምፒውተር ላይ የወጣ ጌም ነው። አሥር ፎቅ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ ፎቅ 20 በ20 ካሬ። ሰዋችሁ ሲሞት ቤተ መቅደስ ወስዳችሁ ከፍላችሁ ታስነሱታላችሁ። ካልተሳካ አመድ ይሆናል። አመዱንም ማስነሳት ይቻላል። ያም ካልተሳካ ሰውዬው ከነስሙ ይጠፋል። ወንድሜ፣ አንተ ገና አመድ ነህ። ሁለተኛው ዕድል አለህ።

ከስድቡ ሁሉ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነው። ጋሼ የምንላቸው ደንበኛችን አሉ፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሥራ መልስ ይመጣሉ። ማሽኑን ከፈቱ፣ ባዶውን ዝርዝር አዩ፣ አጠፉት። ምንም አላሉኝም። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ከፍለው ሄዱ። በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጡም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም። ይህን ደብዳቤ የሚያገኛቸው ሰው ካለ እባካችሁ አሳዩልኝ።

የማደርገው ይህ ነው። ሴቭ የጠፋበት ሰው ሁሉ አሥር ሰዓት በነፃ ይጫወታል፤ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ። ማስረጃ አልጠይቅም፤ ማን የት ደርሶ እንደነበር ከእናንተ ባልተናነሰ አውቃለሁ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ማታ ማታ የሴቭ ገጻችሁን በስልክ ፎቶ አነሳለሁ፤ ቢያንስ ደረጃችሁና ሰዓታችሁ ይመዘገባል። ቀጣዩ ባትሪ የሚቀየረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ማስታወቂያውን ጣሪያ ላይ እጽፈዋለሁ። ዋጋው ግን 90 ብር እንደሆነ ይቆያል። ከዚህ በታች ቤቱ አይቆምም።

ደብተሮቻችሁን ማንም አልነካቸውም። ባለ ካሬዎቹ የሒሳብ ደብተሮች ከነካርታቸው መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ናቸው። የጋሼም ደብተር አለ፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ የቡና ቀለበት ያረፈበት። ትናንት ቤቱ ጭር ሲልብኝ ካሴቷን ከፍቼ በሳቸው ካርታ እየተመራሁ ወረድኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረጃውን ያስቀመጡት አንድ ካሬ ወደ ግራ ነው። አላስተካከልኩትም፤ እርሳሱን እዚያው ደብተሩ ውስጥ ትቼዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቤቱ ባለቤት