የእማማን ከረጢት ስትቀይሪ

እህት ዓለም፣

ጠፋሁብሽ፤ ይቅር በዪኝ፤ ምክንያት ልደረድርልሽ አልፈልግም። እማማ በሆድ በኩል የሚደረገውን የኩላሊት እጥበት ቤት ውስጥ እንደጀመሩና በቀን 4 ጊዜ የእጥበት ፈሳሹን ከረጢት የምትቀይሪላቸው አንቺ እንደሆንሽ ከሰማሁ ወዲህ ልቤ አላረፈም። አንቺ ሁሉን ነገር በሩጫ ነው የምትሠሪው፤ እዚህ ላይ ግን በእናትሽ፣ ረጋ በዪልኝ።

የምፈራው ከሆዳቸው የሚወጣው ቱቦ ክፍት የሚሆንባትን ቅጽበት ነው። ክዳኑን ፈትተሽ አዲሱን መስመር እስክትገጥሚ ጥቂት ሰከንድ ቢሆን ነው። ጫፉን ጣትሽ ወይም ልብስሽ ከነካው ግን ቆዳ ላይ ያለምንም ጉዳት የሚኖረው ባክቴሪያ ሆድ ውስጥ ይገባና ፔሪቶናይተስ፣ ማለትም የሆድ ውስጥ ሽፋን ኢንፌክሽን፣ ያስነሳል። ስለዚህ በርና መስኮት ይዘጋ፣ ማራገቢያ ይጥፋ፣ ሁለታችሁም ማስክ አድርጉ። እጅሽን በሳሙና ከታጠብሽ በኋላ በደንብ አድርቂው፤ እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይበልጥ ጀርም ያስተላልፋል። ከረጢቱን ጫን ጫን አድርገሽ እንደማያፈስ እዪ፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑንም አንብቢ። ስታሞቂው ውሃ ውስጥ አትንከሪው።

ከገጠምሽ በኋላ መጀመሪያ የሆዳቸው ፈሳሽ ይውጣ። ቀጥሎ ከአዲሱ ለ5 ሰከንድ ያህል ወደ ማፍሰሻው ከረጢት ልቀቂ፤ ወደ ሆድ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህቺን አትዝለያት፤ ስትገጥሚ የገባ ጀርም ካለ ጠርጋ የምታወጣው እሷ ናት። ጫፉ አንድ ነገር ከነካ ደግሞ መቆለፊያውን ዝጊ፣ ፈሳሽ አታስገቢ፣ ለነርሷ ደውዪ። በአልኮል ጠርገሽ እንዳትቀጥዪ፤ የቱቦው ማራዘሚያ መቀየር አለበት።

የወጣውን ከረጢት ሁልጊዜ ጽሑፍ ላይ አስቀምጠሽ እዪው። ፊደሉ በፈሳሹ ውስጥ ካልተነበበ ደፍርሷል። እማማ «ምንም አላመመኝም» ቢሉሽም፣ ትኩሳት ባይኖርም፣ በዚያው ቀን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ከረጢቱንም ሳትደፊ ውሰጂው። ላቦራቶሪው ነጭ የደም ሴል ይቆጥራል፦ ሆድ ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት በቆየ ፈሳሽ በአንድ ማይክሮሊትር ከ100 በላይ ከተገኘና ከግማሽ የሚበልጠው ኒውትሮፊል የሚባለው፣ ባክቴሪያን የሚዋጋው ዓይነት ከሆነ ለፔሪቶናይተስ ጠንካራ ምልክት ነው፤ የካልቸር (ጀርሙን አብቅሎ የመለየት ምርመራ) ውጤት ሳይጠበቅ ሕክምና ይጀመራል። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አስቀድመሽ ከሰጠሻቸው ግን ካልቸሩ ጀርሙን ላያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ በአብዛኛው ከእጥበቱ ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ ሆድ ውስጥ ነው የሚሰጠው። ከዘገየ ቱቦው እስከ መውጣት፣ የሆዱ ሽፋንም ለእጥበት እስከማይሆን ሊደርስ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ... እንዴት እንደምጠይቅሽ አላውቅም፤ እማማ እንዲህ ያለ ወሬ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ሆድ ይደርቅባቸዋል? አፍረው እንዳይደብቁሽ። ድርቀት ሲበዛ የአንጀት ባክቴሪያ ግድግዳውን አልፎ ወደ ፈሳሹ ሊገባ ይችላል፤ ፈሳሹም በደንብ አይወጣም። ማለስለሻ ከፈለጉ ሐኪማቸው ይዘዝላቸው።

ቱቦው ከቆዳ የሚወጣበትን ቦታ በየቀኑ አጽጂ፣ የታዘዘውን ቅባት ቀቢ፣ ቱቦው እንዳይጎተት በፕላስተር ያዢው። ቅርፊት ካለ አትላጪው፤ ቁስል ይከፍታል። ዛሬ ማታ እዪና ቀልቶ፣ አብጦ ወይም መግል ይዞ እንደሆነ ጻፊልኝ። መግል ካለ ግን የኔን መልስ አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ክሊኒክ ውሰጃቸው።

የማትረሽሽ ወዳጅሽ