የቅርንፉድ ሽታ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ። የአባታችንን ዕረፍት ዘግይቼ ሰማሁ፤ ዘግይቼ በመስማቴ አፈርኩ፤ እፍረቱም ውሎ ባደረ ቁጥር እየከበደኝ ሄዶ ስልክ ማንሣት አቃተኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝን ነገር ልንገርህ። ቤቴ ውስጥ ፋሃካ የሚባል ዓሣ አሳድጋለሁ። በአባይና በኒጀር ወንዞች፣ ኦሞ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅም ይኖራል። ሲደነግጥ ውኃ ውጦ እንደ ኳስ ይነፋል። ጎኑ ላይ ቢጫ መስመሮች ተጋድመውበታል፤ ዓይኖቹም ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ እኔን ሲያይ ሌላው አሸዋውን ይፈትሻል። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል 470 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁለት። የሚኖረው ብቻውን ነው፤ የገዛ ዘሩ እንኳ ቢገባበት ነክሶ ይገድለዋል። ምግቡን እየቦጨቀ ውኃውን ስለሚበክል በየሳምንቱ ግማሹን እቀይራለሁ።

አራቱ ጥርሶቹ እንደ ምንቃር የገጠሙ ናቸው፤ ዕድሜ ልኩን ያድጋሉ። የሚሞርዳቸው የቀንድ አውጣና የሸርጣን ቅርፊት ነው። እኔ ግን ሥራ በዛብኝ ብዬ ለወራት ቅርፊቱ የተላጠ ሽሪምፕ (ትንሽ የውኃ እንስሳ) ብቻ ሰጠሁት። ባለፈው ወር ምግቡን ይጠጋዋል፣ ይነክሰዋል፣ መልሶ ይተፋዋል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጥርሱ አድጎ አፉን ሊዘጋው ደርሷል። ምግብ ፊቱ ተቀምጦ በእኔ ስንፍና ይራብ ነበር።

ጥርሱን ከመቁረጥ ሌላ መላ አልነበረም። ጥቂት የቅርንፉድ ዘይት በውኃ ሲበጠበጥ ዓሣን ያደነዝዛል። ጠብታውን እየቆጠርኩ ጨመርኩ፤ በጎኑ ጋደም ሲል በእርጥብ ፎጣ ይዤ በጥፍር መቁረጫ ጫፉን ቆረጥኩ፤ ቶሎም ወደ ንጹሕ ውኃ መለስኩት። ያን ጊዜ ቤቱን የሞላው ሽታ የአባታችን ነበር። ጥርሳቸውን ሲያማቸው ቅርንፉድ በድዳቸው ይዘው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራችንን ሲያርሙልን ታስታውሳለህ? ዓሣው እስኪነቃ እየጠበቅሁ፣ ያልደረስኩበትን ለቅሶ እዚያው ገንዳው አጠገብ አለቀስኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ቀንድ አውጣ ጣልኩለት። ቅርፊቱ ሲሰበር ከሶፋው ላይ ሆኜ ሰማሁት። አሁን ቀንድ አውጣዎቹን በባልዲ አረባለታለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእናንተ ሰዓት እደውላለሁ። እማማ ቤት ካሉ ስልኩን ስጥልኝ፤ የአባታችን የመጨረሻ ቀን እንዴት እንደ ነበር ከእሳቸው አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ፤
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ