ሜካኒካል ከመሙላትሽ በፊት

ለውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ፍሬሽማንን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ ስለሆነ «ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽኛል። ሙዪ። ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች በሚማሩበት ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ ምን እንደሚጠብቅሽ አውቀሽ ግቢበት።

የመኪና ጥገና መስሏቸው የሚገቡ አሉ። ሞተር የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀበሉሽ ስታቲክስ (በቆመ አካል ላይ ያሉ ኃይሎች)፣ ዳይናሚክስ (የሚንቀሳቀስ አካል)፣ የማቴሪያል ጥንካሬና ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የሥራ ትምህርት) ናቸው። እነዚህን ካልያዝሽ የማሽን ዲዛይን ላይ ስትደርሺ መውጫ ታጪያለሽ።

ስታቲክስ የሃይስኩል ፊዚክስ ስለሚመስል ይናቃል። አትናቂው። ማንኛውንም ጥያቄ ስትጀምሪ አካሉን ከደገፈው ነገር ሁሉ አላቅቀሽ ለብቻው ሳዪው፤ ድጋፍ ባነሣሽበት ቦታ ሁሉ ድጋፉ ይሰጥ የነበረውን ኃይል ተኪበት። ፒን (እንደ ማጠፊያ የሚያዞር) ከሆነ ሁለት ኃይል፣ ሮለር (የሚንከባለል) ከሆነ አንድ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ሁለት ኃይልና አንድ ሞመንት፣ ማለትም የማዞር ጉልበት። በወረቀት ላይ ለአንድ አካል ያሉሽ እኩልታዎች ሦስት ብቻ ናቸው። የማይታወቀው አራት ከሆነ ካልኩሌተር አትንኪ፤ ወይ ሥዕሉ ተሳስቷል፣ ወይ ሌላ አካል ለይተሽ መሳል ይቀርሻል። ሞመንቱን ደግሞ ሁለት የማይታወቁ ኃይሎች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ውሰጂ፤ ሁለቱም ከእኩልታው ይወጡልሻል።

ቀጥሎ ተማሪ የሚጥለው መለኪያ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ብረት በ31.4 ኪሎ ኒውተን ሲሳብ ውጥረቱ፣ ማለትም ኃይሉ ለብረቱ ቁራጭ ስፋት ሲካፈል፣ 100 ሜጋ ፓስካል ነው። በራዲየሱ ቦታ ዲያሜትሩን ካስገባሽ 25 ይወጣና ብረቱ የሚችል ይመስልሻል። ኒውተንን ከሚሊ ሜትር ጋር ከተጠቀምሽ መልሱ ራሱ በሜጋ ፓስካል ይመጣልሻል፤ ሜትር ከቀላቀልሽበት ግን ዜሮ ስትቆጥሪ ፈተናው ያልቃል።

ቴርሞ ላይ ወጥመዱ ኬልቪን ነው፤ ሴልሺየስ ላይ 273 ሲደመር የሚገኘው። በ327 እና በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል የሚሠራ ሞተር ከ50 በመቶ በላይ ብቃት ሊኖረው አይችልም፤ በኬልቪን 600 እና 300 ናቸውና፣ ቀዝቃዛውን ለሞቃቱ አካፍለሽ ከአንድ ስትቀንሺ ግማሽ ይቀራል። ሴልሺየሱን እንዳለ ካስገባሽው 92 በመቶ ይልሻል። እንዲህ ያለ ሞተር የትም የለም፤ ቁጥሩን ስታዪ መጠርጠር ልመጂ።

ግፊትም አለ። መጽሐፉ የከባቢ አየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ነው ይልሻል፤ እሱ የባሕር ጠለል ነው። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 82 አካባቢ ነው ያላት፤ ውሃም በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ተራ ነገር እንዳይመስልሽ። መሬት ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየሩ ግፊት ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ በሐሳብ ደረጃ እስከ 10.3 ሜትር፣ ጅማ ላይ 8.4 ሜትር ቢሆን ነው። የቧንቧው ፍትጊያ ሲቀነስ 6 ሜትር ካገኘሽ ጥሩ ነው። ከዚያ ለጠለቀ ጉድጓድ የፓምፑን ጉልበት መጨመር ብር ማባከን ነው፤ ፓምፑ ራሱ ወደ ውሃው ይውረድ።

ከሲኒየር የሚወረሰውን የተሠራ ወርክሺት በተመለከተ፦ ያዢው፣ ግን መልሱን ሸፍነሽ ሥሪ። የሰው ሥራ ስታነቢ ሁሉም የገባሽ ይመስልሻል፤ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት ሲሰጥሽ ግን የመጀመሪያዋ መስመር ትጠፋለች።

ወርክሾፕ ሌላ ዓለም ነው። ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚያስቆርጥ ማሽን) ላይ ጓንት አይደረግም፤ ጓንቱ ከተያዘ እጅሽን ይዞ ይዞራል። ሹሩባሽን ጠቅልለሽ በሻሽ እሰሪው፣ እጅጌሽ ይሰብሰብ። የቻኩን (ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረውን) ቁልፍ ሰክተሽ እጅሽን አትልቀቂ፤ ረስተሽው ማሽኑ ቢነሣ ተወርውሮ ሰው ይመታል። በሃይስፒድ ብረት በተሠራ መቁረጫ ለስላሳ ብረት ስትቆርጪ በደቂቃ 25 ሜትር ፍጥነት ያዢ፤ 40 ሚሊ ሜትር ለወፈረ ብረት ይህ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ነው። የብረቱን ጫፍ ፊት ስትላጪ መሐሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ከቀረች የመቁረጫው ጫፍ ከመሐል መስመሩ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ከፍታውን አስተካክዪ። «ለሴት ይከብዳል» የሚልሽ ካለ ክሬን አይቶ አያውቅም።

ድሮዊንግ (የማሽን ሥዕል) ላይ ብዙ አልልሽም፤ እጅሽ ጥሩ ነው። ሶፍትዌሩን ግን በእርሳስ መሳል ሳትችዪ አትጀምሪው።

ጅማ መመደብሽን እኔ የምወደው ከጥቅምት ጀምሮ ዙሪያውን ቡና ስለሚለቀም ነው። አስፈቅደሽ አንድ የቡና ማጠቢያ ሳይት ሂጂና እሸት ቡና መፈልፈያውን አጠገቡ ቆመሽ እዪው። ክፍተቱ ከጠበበ ፍሬውን ይሰብረዋል፤ ከሰፋ ሳይፈለፈል ያልፋል። ቺንጋውን (ማዞሪያ ቀበቶውን) ተከተዪ፤ በደቂቃ 1,440 ዙር የሚዞር ሞተር ላይ የ100 ሚሊ ሜትር ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ)፣ መፈልፈያው ላይ የ400 ካለ፣ ከበሮው 360 ዙር ይዞራል። ቺንጋው ከላላ ግን ይንሸራተትና ከዚያ ያንሳል፤ ፑሊውም ይግላል። የማሽን ዲዛይን ኮርስ ሲመጣ ምን እያሉ እንደሆነ ቀድሞ ይገባሻል። ኢንተርንሺፕሽንም ማሽን የሚሰበርበትና የሚጠገንበት ቦታ አድርጊው፤ ቢሮ ውስጥ ወረቀት የሚያስገለብጡሽ ቦታ አይጠቅምሽም።

ደብተሮችሽን አትጣዪ። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 ነው፤ የሁለተኛ ዓመት ኮርስም ይመጣበታል።

ፎርሙ የሚሞላበትን ቀን በስልክ ንገሪኝ። እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታለች፤ ሰው ስናገኝ እንልካለን።

አባትሽ