ቮልሷን የማይጠግን ጋራዥ የለም፣ አይዲ 4ንስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

አንድ አንባቢያችሁ አሮጌ መኪና በሙሉ ከመንገድ ይውጣ ብለው የጻፉትን አይቼ ነው ይቺን የምጽፈው። እኛ ቤት ሁለቱም አሉ፣ የአባቴ የ1968 ሞዴል ቮልስ፣ 1300 የሚሏት፣ እና አምና የገዛኋት ከቻይና የገባች የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 4፣ ሁለቱም ያው የቮልስዋገን ልጆች ናቸው።

እውነቱን ልናገር፣ ለመንዳት አዲሷ በጣም ትበልጣለች። ቮልሷ 40 የፈረስ ጉልበት ናት፣ እሱም ዝቅ ያለ አገር ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ ደግሞ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነው፣ እና ሽሮ ሜዳን አልፈን እንጦጦ ስንወጣ አባቴ ማርሽ ቀንሶ እያስጮኻት ነበር የሚያወጣት። ኤሌክትሪኳ አየር አትፈልግም፣ ከ2 ቶን በላይ እየከበደች እንኳን ዳገቱ አይታወቃትም። የነዳጅ ሰልፍም ቀረልኝ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ሰክቼ እተኛለሁ። ቮልሷ ደግሞ ኤርባግ የላት፣ የቤንዚን ታንከሯ ከፊት እግራችን አጠገብ፣ ልጆቼን ይዤ ረጅም መንገድ አልወጣባትም።

ግን ስትበላሽስ? ቮልሷ ራዲያተር የላትም፣ ሞተሯን አየር ነው የሚያቀዘቅዘው፣ 4 ብሎን ፈተው ሁለት ሰዎች ያወርዱታል። አንዴ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ የፍሪሲዮን ካቦ ተበጥሶብን አባቴ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተሪኖ፣ ማለትም በማስነሻው ሞተር፣ እያስነሳ ሸኖ ድረስ ነዳት፣ እዚያ አንድ መካኒክ እኛ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ቀይሮ ሰጠን። አሁን ግን ባለፈው ክረምት አንድ ባጃጅ የአዲሷን የፊት መብራት ገጨብኝና ሦስት ጋራዥ ዞርኩ፣ ሁለቱ አንነካም አሉኝ፣ ሦስተኛው ተቀብሎ ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ወር ቆመች። መብራት እኮ ነው! ባትሪው ቢሆንስ? የቮልሷ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ያለ 12 ቮልት ነው፣ የዚችኛዋ ወለሉን ሙሉ የያዘ ከ300 ቮልት በላይ ነው፣ ያልተማረ መካኒክ ከነካው ሊሞት ይችላል። ስክሪኑም ሲገባ ቻይንኛ ነው፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል ደስ ብሎኛል፣ አሁንም እደግፋለሁ፣ የከተማው ጭስ ያሳመመን እኛን ነው። ያናደደኝ መኪናው ቀድሞ ገብቶ ሙያው ወደኋላ መቅረቱ ነው። አስመጪው መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ሳይዝ ለምን ይሸጣል? እነዚያ ቮልስ በጆሯቸው የሚመረምሩ አንጋፋ መካኒኮችስ ስለ ባትሪ የሚማሩት የት ነው? እባካችሁ ጋዜጠኛ ልካችሁ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ጠይቁልን፣ የትኛው እንደጀመረ፣ በማታ የሚያስተምርም ካለ አድራሻውን አውጡት፣ የአባቴን መካኒክ ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ