ሴሉሎስ ተብሎ ፋይበርግላስ ስለተነፋበት አቲኬ

ለድርጅቱ ባለቤት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ወር ሠራተኞችዎ መጥተው አቲኬ ውስጥ፣ ማለትም ከጣሪያው ሥር ባለው ባዶ ቦታ፣ ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ብርድ መከላከያ) ነፍተው ሄደዋል። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ምንጣፌን እንኳን አላቆሸሹም። ቅሬታዬ ከእነሱ ጋር አይደለም።

ውላችን ላይ የተጻፈው ሴሉሎስ፣ 14 ኢንች፣ አር-49 ነው። አር ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል አቅም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ መከላከሉም ይበዛል። ሴሉሎስ ግራጫ ነው፤ ከተፈጨ ጋዜጣ ይሠራል፣ እሳት ቶሎ እንዳይበላው ቦሬት ይቀላቀልበታል። ባትሪ ይዤ ስወጣ ያየሁት ግን እንደ ባዘቶ የነጣ ነገር ነው። ብነካው እጄን እስከ ማታ አሳከከኝ። ፋይበርግላስ፣ ከመስታወት ክር የሚሠራው፣ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተረስቶ የቀረው ባዶ ከረጢትም ይህንኑ ይላል።

ስደውልልዎ «እህቴ፣ ሁሉም ኢንሱሌሽን ያው ነው፤ 14 ኢንች ተባለ፣ 14 ኢንች ገባ» አሉኝ። 14 ኢንቹን አልክድም፣ በሜትር ለክቼዋለሁ። ግን ያው አይደለም። የሚነፋ ሴሉሎስ በአንድ ኢንች 3.5 ገደማ አር ይሰጣል፤ በ14 ሲባዛ 49 ይመጣል። የሚነፋ ፋይበርግላስ ግን በኢንች 2.5 አካባቢ ነው። በ14 ያባዙት፤ 35 ነው። 49 ለመድረስ ወደ 20 ኢንች ይፈልጋል። የእርስዎ ሂሳብ ጤፍና ገብስ በአንድ ቁና ስለተሰፈሩ ዋጋቸው እኩል ነው እንደማለት ነው።

ፋይበርግላስን አልጠላሁም። እንዲያውም እንደ ሴሉሎስ በጊዜ ብዛት ብዙ አይሰምጥም። ቀድመው ቢነግሩኝ ምናልባት እሺ እል ነበር፤ ግን በራሱ ውፍረትና በራሱ ዋጋ። ሌላ ኮንትራክተር ስፕሬይ ፎም (የሚረጭ የአረፋ ኢንሱሌሽን) አቅርቦልኝ ዋጋው አስደንግጦኝ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። የአገሬ ሰው ነው፣ በአማርኛ እንግባባለን ብዬም ጭምር።

ሌላም አለ። በጣሪያው ጠርዝ ያሉት የአየር ማስገቢያዎች ተነፍቶባቸው ታፍነዋል። የአየሩን መንገድ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ባፍል አልተደረገም። በብርዱ ወራት እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ እንጨቱ ይሻግታል።

ደረሰኙ ላይ ያለው ደግሞ የከፈልኩት ገንዘብ ብቻ ነው። በፌደራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የሚነፋ ኢንሱሌሽን ደረሰኝ የተሸፈነውን ስፋት፣ ውፍረቱን፣ የአር ቁጥሩንና ስንት ከረጢት እንደገባ ማሳየት አለበት።

ስለዚህ መጀመሪያ የታፈነውን ጠርዝ ከፍተው ባፍል ያድርጉልኝ። ከዚያ የጎደለውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሞልተው አር-49 ያድርሱልኝ፤ ሙሉ ደረሰኝም ይስጡኝ። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን የቤት እድሳት ኮንትራክተሮችን ወደሚቆጣጠረው ሜሪላንድ ሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን እወስደዋለሁ።

የውሉን ኮፒ፣ የከረጢቱንና የታፈነውን ጠርዝ ፎቶ አያይዣለሁ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤት ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ ባለቤት