ለወላጆች፦ የአይሁድ በዓላትና የዘንድሮው የትምህርት ካላንደር

የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ከረማችሁ። የ2026–27 የትምህርት ካላንደር ከወጣ ወዲህ «ሰኞ ሴፕቴምበር 21 ትምህርት የሌለው ለምንድን ነው? የእኛስ በዓል?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በአማርኛ በወጉ ልመልስላችሁ።

ዕለቱ ዮም ኪፑር ነው፤ ቤተ እስራኤል ወላጆቻችን «አስተሰርዮ» የሚሉት። ጾሙ እሑድ ጀምበር ሳትጠልቅ ይገባል፣ ሰኞ ሲመሽ ይፈታል፤ እስከዚያ እህልም ውሃም አይቀመስም። ሌላውን በዓል የማያከብሩት እንኳ ይህን ቀን ይጠብቁታል። ከመምህራኑም ከተማሪዎቹም ብዙዎች ስለሚቀሩ ኮሌጁ ቢዘጋ ይሻላል ብለን ወስነናል።

የአይሁድ ወር የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። ከፀሐይ ዓመት ጋር እንዳይራራቅ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ወር ይጨመርበታል፤ በዓላቱ በየዓመቱ ቀን የሚለዋውጡት ለዚህ ነው። ዘንድሮ አዲስ ዓመታቸው ሮሽ ሃሻና የሚገባው ዓርብ ሴፕቴምበር 11 ማታ፣ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ዕለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ስለሚውል ክፍል አይነካም። የዳስ በዓልም ዋና ዋና ቀኖቹ እንዲሁ ቅዳሜና እሑድ ናቸው።

ዓምና ግን የእነዚህ በዓላት ሰባቱም ዋና ቀኖች ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ላይ ዋሉ። የኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ማክሰኞ ማክሰኞ የሆነ ተማሪ ሥርዓቱን አጥብቆ ከያዘ ሴፕቴምበር 23፣ ኦክቶበር 7 እና ኦክቶበር 14 ይቀራል፤ በአራት ሳምንት ሦስት ላቦራቶሪ ማለት ነው። «ቤቱ ሆኖ ቪዲዮውን ይከታተል» ማለትም አይቻልም። በእነዚያ ቀኖች አይጻፍም፣ መኪና አይነዳም፣ ኮምፒውተር አይከፈትም። እስከ እኩለ ሌሊት በኦንላይን ይግባ የተባለ የቤት ሥራም ያው ችግር አለበት። ስለዚህ ዘንድሮ በበዓል ቀን የማስረከቢያ ጊዜ እንዳይወድቅ ለመምህራን አሳውቀናል፤ ላቦራቶሪ ላመለጠውም ማካካሻ ክፍለ ጊዜ አዘጋጅተናል።

ይህን የምናደርገው ለአይሁድ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የኒውዮርክ ግዛት የትምህርት ሕግ አንቀጽ 224-ኤ የማንኛውንም ሃይማኖት ተማሪ ይመለከታል። በእምነቱ ምክንያት ክፍል ወይም ፈተና የቀረ ተማሪ ማካካሻ ሊሰጠው ይገባል፤ ለዚህም ምንም ክፍያ አይጠየቅም፣ በውጤቱም ላይ ጉዳት ሊደርስበት አይገባም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከ4 ሰዓት (በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት) ወዲያና ቅዳሜ የሚሰጥ ትምህርት ወይም ፈተና ካለም፣ በተቻለ መጠን በሌላ ቀን ምትክ እንዲዘጋጅ ሕጉ ያዛል። የአድቬንቲስት ወላጆች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

ወደ እኛ በዓላት ስንመጣ፣ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል የስፕሪንግ ሴሚስተር ሳይጀመር ያልፋል። የሚያሳስበኝ ኤፕሪል ነው። የአይሁድ ፋሲካ ዋና ቀኖች ኤፕሪል 22፣ 23፣ 28 እና 29 ናቸው፤ በማግስቱ ኤፕሪል 30 የእኛ ስቅለት ነው። ሁሉም የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ፣ ተማሪው ፋታ በሌለው ጊዜ ይደራረባሉ። በእነዚህ አምስት ቀኖች ፈተና አይመደብም፤ ከመምህራን ጋር ብዙ ተከራክረን የደረስንበት ስምምነት ስለሆነ በእጅጉ ደስ ብሎኛል። የእስራኤል ፓርላማ በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል ያደረገው የቤተ እስራኤል በዓል ስግድም ዘንድሮ በዝርዝራችን ገብቷል፤ ሰኞ ኖቬምበር 9 ነው። ዒድ አል-ፈጥር ጨረቃ እንደታየች ይወሰናል፤ ስለዚህ ተማሪው ሁለት ተከታታይ ቀኖችን ማስመዝገብ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን «አንገትህን ደፍተህ ተማር፣ ከመምህር ጋር አትነካካ» እያልን ነው ያሳደግነው። በስቅለት ዕለት ሲሰግድ መዋል እየፈለገ ፈተና ላይ የሚቀመጥ፣ ለማንም ትንፍሽ የማይል ልጅ አለ። ፈቃድ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ አይሁድ ጓደኞቹ በየዓመቱ የሚያደርጉት ነው፣ መምህራኑም ለምደውታል። እባካችሁ ቤት ውስጥ አነጋግሯቸው።

ማመልከቻውን መጻፍ ያለበት ግን ልጃችሁ ራሱ ነው። ኮሌጅ የገባ ተማሪ የትምህርት መዝገቡን የሚመለከተው መብት በፌዴራል ሕግ ወደ ራሱ ይተላለፋል፤ ስለዚህ እናንተ ብትደውሉልን ያለ እሱ ፈቃድ ስለ መዝገቡ ልንነግራችሁ አንችልም። ትምህርት በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚቀርባቸውን ቀኖች በሙሉ፣ የኤፕሪሉንም ጨምሮ፣ ለእያንዳንዱ መምህር በኢሜይል ያሳውቅ፤ ግልባጩን ለተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ይላክ። መልስ ካላገኘ ወይም እንቢ ከተባለ በቀጥታ ወደ እኔ ቢሮ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮሌጁ ዳይሬክተር