ሐይቅ ለማየት ቡና ማዘዝ ግድ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሐይቅ ዳር ሪዞርቶች የጻፋችሁትን አነበብኩ። የአልጋ ዋጋ አለ፣ የምሳ ዋጋ አለ። ሆቴል ሳይገባ ውሃውን በእግሩ ዞሮ ማየት የፈለገ ሰውስ በየት በኩል ይለፍ? እሱ አልተነሳም።

የምኖረው ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ነው። በማርች መጨረሻ በአውቶቡስ ኪንሮስ የምትባል ከተማ ወረድኩና ሎክ ሌቨን የተባለውን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዤ ተጓዝኩ። ብቻዬን። (የአበሻ ጓደኞቼ «ምነው፣ ከሰው ተጣላህ እንዴ?» አሉኝ።) ፀሐይ ወጥታለች፣ ነፋሱ ግን አጥንት ይሰብራል። ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም። ከአጥሩ ማዶ በቅርቡ የተወለዱ ግልገሎች ይዘላሉ፤ ጎናቸው ላይ በቀለም ቁጥር ተጽፏል። እናቲቱም ላይ ያው ቁጥር አለ፤ ለካ እንዳይጠፋፉ ነው። የብርዱን ወራት እዚያ ያሳለፉት ዝይዎች ወደ አይስላንድ ሊሄዱ ጥቂት ቀርቷቸው ሜዳውን ይግጣሉ። ሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ ታስራበት የነበረው ግንብ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1568 በጀልባ ነው ያመለጠችው።

ሐይቁን የሚዞረው የእግር መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመግቢያ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ፣ ማንም ሰው ሥርዓት እስከያዘ ድረስ በግለሰብ መሬትም ሆነ በሐይቅ ላይ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። የሰው ግቢ አይገባም፣ ሰብል አይረገጥም። የማሳ በር እንዳገኘኸው ትተወዋለህ። በግ በሚወልድበት ወቅት ውሻህን በማሰሪያ ትይዛለህ። ጎረቤት እንግሊዝ እንኳ ይህን ያህል ሰፊ መብት የለም።

ባለፈው አገር ቤት ስመጣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅን ልይ ብዬ ሄድኩ። አንዱ በር ላይ ዘበኛው «ምን ሊጠቀሙ ነው?» አለኝ። «ውሃውን ለማየት ነው» ስለው ሳቀ። ቡና አዝዤ ገባሁ። በሰውየው አልፈርድም፣ ሥራው ነው።

ሆቴሎቹ ይፍረሱ አላልኩም፤ ስንቱ ወጣት እንጀራውን የሚበላው እዚያ ነው። አዲስ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ግን በውሃው ጠርዝ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ ለሕዝብ ይተው። የከተማውን አስተዳደር ይህን ብትጠይቁልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከኤድንብራ